ላፕቶፑ ይታደስ፣ የሐዘን ገንዘቡ አይነካ!

ለተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት በሙሉ፤

እንደሚታወቀው በመጪው እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ በሚደረገው ጠቅላላ ጉባዔ ላይ ከሚቀርቡት ጉዳዮች አንዱ የጽሕፈት ቤታችን ላፕቶፕ ነገር ነው። ጥያቄው አጭር ነው፤ በ2008 ዓ.ም. የተገዛው ላፕቶፕ ይታደስ ወይስ ይቀመጥና አዲስ ይገዛ? ጥያቄው ይጠር እንጂ መልሱ የእያንዳንዳችንን ኪስ፣ ከዚያም አልፎ የእያንዳንዳችንን ለቅሶ ቤት ይነካል። ስለዚህ ማንም አባል እሑድ ዕለት እጁን ከማውጣቱ በፊት ነገሩን አገላብጦ እንዲያየው ብለን ይህን ጽሑፍ በሰሌዳው ላይ ለጥፈናል። ረዘም ይላል፤ ቆማችሁ ማንበብ የሚከብዳችሁ አባቶችና እናቶች ልጆቻችሁን አስነብቡ።

አቋማችንን ከመጀመሪያው በግልጽ እናስቀምጥ፤ ኋላ «ጽሕፈት ቤቱ አዘናግቶን ነው» እንዳይባል። እኛ ላፕቶፑ ይታደስ እንላለን። አዲስ ይገዛ የሚሉትን ወንድሞቻችንን እናከብራለን፤ ለማኅበሩ ክፉ አስበው እንዳልሆነም እናውቃለን። ነገር ግን ገንዘቡ ከየት ይምጣ ብለን ስንጠይቅ ያገኘነው መልስ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው «በየቤቱ መዋጮ ይጣል» የሚል ነው። ሁለተኛው «ለጊዜው ከሐዘን ገንዘብ ይወሰድና ቀስ ብሎ ይተካ» የሚል ነው። ሁለቱንም አንቀበልም።

ለምን? መዋጮ ሲጣል ደመወዝተኛውም፣ ነጋዴውም፣ በቀን ሥራ የሚያድረውም፣ ባሏ ሞቶባት ልጆች የምታሳድገውም እኩል ነው የሚከፍሉት። የእድር ሕግ እንዲያ ነው። ለአንዱ የአንድ ቀን የቁርስ ሒሳብ የሆነው ብር ለሌላዋ የሳምንት እንጀራ ነው። የሐዘን ገንዘብ ደግሞ ለሌላ ነገር የማይነካበት ምክንያት አለው፤ ሞት ቀጠሮ አይሰጥም። «ቀስ ብሎ ይተካል» የተባለው ገንዘብ ሳይተካ በአንድ ሳምንት ሁለት ለቅሶ ቢገጥመን ለሁለተኛው ቤት ምን ብለን ልንነግር ነው? «አይዟችሁ፣ የእናንተ ድርሻ ላፕቶፕ ተገዝቶበታል» ልንል? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

ላፕቶፑ ምን ሆነ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። «አረጀ» የሚል ቃል ብቻውን የበሽታ ስም አይደለም። አንድ ሽማግሌ ሐኪም ቤት ሄዶ «አረጀሁ» ቢል ሐኪሙ «የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?» ብሎ ይጠይቀዋል እንጂ የሬሳ ሣጥን አያዝለትም። ለላፕቶፑም ያንኑ እናድርግለት።

በላፕቶፑ ላይ የሚቀርበው ቅሬታ ሦስት ነው።

1ኛ/ ሲከፈት ይዘገያል። ማብሪያውን ተጭነን ቡና ተቆልቶ ተወቅጦ እስኪፈላ ድረስ እንጠብቀዋለን።

2ኛ/ ባትሪው አይዝም። መብራት ሲሄድ እሱም አብሮ ይሄዳል።

3ኛ/ ይግላል፤ ማራገቢያውም እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል።

ባለፈው ክረምት የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከአባሎቻችን በአንዱ ቤት ሐዘን ደርሶ፣ ጡሩምባው ከተነፋ በኋላ፣ የክፍያው ወረቀት ሊታተም ሲል መብራት ጠፋ፤ ላፕቶፑም ጠፋ። የሟች ወንድም በዝናብ መጥቶ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ እንደገና እስኪነሣ ሌላ ጊዜ ፈጀ። ሰውየው አንድ ቃል አልተናገረም፤ ዝምታው ግን ከስድብ ይከብድ ነበር። አዲስ ይገዛ የሚሉት ወንድሞቻችን ይህን ቀን ደጋግመው ያነሡታል፤ እውነታቸውን ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ መድረስ የለበትም። እስቲ ግን በጥሞና እናስብ፤ ያን ቀን የጎደለን ምን ነበር? የጎደለን ባትሪ ነበር። አዲስ ላፕቶፕ አልነበረም።

ፊንጫ የኃይል ማመንጫ እዚሁ ወለጋ ውስጥ በ1960ዎቹ የተሠራ ነው፤ ሆኖም መብራት በእኛም ሰፈር ይመጣል ይሄዳል፤ ሲመለስም አንዳንዴ በኃይል ይመለሳል። በእንዲህ ያለ ከተማ የላፕቶፕ ባትሪ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። መብራት በጠፋበት ሰዓት የተጀመረውን ሥራ አስቀምጦ ማሽኑን በሥርዓቱ ለመዝጋት የሚያስችለን እሱ ነው።

ባለሙያ ከፍቶ ያሳየን

የኮሚቴው አባላት ባሉበት የጥገና ባለሙያ ማሽኑን ከፍቶ አሳይቶናል። ያየነውንም የተረዳነውንም በቀላል አማርኛ እንናገር።

መዘግየቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከሃርድ ዲስኩ ነው። ሃርድ ዲስክ በውስጡ እንደ ሸክላ የሚሽከረከር ሳሕን አለው፤ በላፕቶፕ ውስጥ የሚገባው ዓይነት በብዛት በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። በላዩ ላይ ደግሞ እንደ ሸክላ ማጫወቻ መርፌ ወዲያ ወዲህ የምትል ክንድ አለች። አንድ ስም ፈልግ ሲሉት ክንዷ ተነሥታ ሄዳ፣ ሳሕኑ ዞሮ ደርሶላት ነው የምታነበው። ዊንዶውስ ሲነሣ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ይፈልጋል። እንግዲህ ክንዷ ስንት ጊዜ መመላለስ እንዳለባት አስቡት።

በዚህ ፋንታ ኤስኤስዲ የሚባል ማከማቻ አለ። የሚዞር ነገር የለውም፤ ሁሉ ነገር በቺፕ ላይ ነው። መጠኑና መሰኪያው በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ቦታ ልክ የሚገባ ዓይነት አለ፤ የእኛም ማሽን ይህንኑ ይቀበላል። ይህ አንድ ዕቃ ሲለወጥ በደቂቃዎች ይነሣ የነበረ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ይነሣል። መውደቅና መንገጫገጭንም ከሃርድ ዲስክ ይልቅ ይችላል፤ ላፕቶፑን በባጃጅ ይዞ ወደ ባንክና ወደ ቀበሌ ለሚመላለስ ማኅበር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ ራም አለ። ራም ማለት የጠረጴዛ ስፋት ማለት ነው። ጠረጴዛው ጠባብ ከሆነ አንዱን መዝገብ ለመክፈት ሌላውን አንሥቶ መሳቢያ ውስጥ መክተት ግድ ነው። የእኛ ማሽን 4 ጊጋባይት አለው፤ ወደ 8 ቢያድግ ለዝርዝርና ለደብዳቤ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ራም ትውልድ አለው፤ የእኛው ዲዲአር ሦስት ነው፤ ዲዲአር አራት የተባለው በዚህ መሰኪያ ፈጽሞ አይገባም። አንዳንድ ላፕቶፕ ደግሞ ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ጭራሽ አይጨመርበትም። ስለዚህ ማንም ሰው ማሽኑን ሳያስከፍት ከገበያ ራም ገዝቶ አይምጣ።

ባትሪው ይለወጣል። ሙቀቱና ጩኸቱ ደግሞ ባለሙያው እንዳሳየን ማራገቢያው ውስጥ ከተጠቀጠቀው አቧራና በማቀነባበሪያው ላይ ከደረቀው ቅባት ነው። በበጋ የከተማችን አቧራ ምን እንደሚመስል ለለቀምት ሰው አንነግርም። ይጠረጋል፣ ቅባቱ ይታደሳል፣ አለቀ።

የማይለወጠውንም እንናገር፤ መደበቅ አያስፈልግም። ማቀነባበሪያው ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይለወጥም። ማዘርቦርዱ ራሱ ከተቃጠለ ጥገናው ዋጋ የለውም። የእኛው ግን አልተቃጠለም፤ ስክሪኑም ደህና ነው፤ ማጠፊያውም አልተሰበረም። አጥንቱ ጤነኛ ነው ማለት ነው።

እኛ እኮ የማደስ ሕዝብ ነን። የወፍጮ ድንጋይ ሲደንዝ ይወቀራል እንጂ አይጣልም። የእድሩ ድንኳን ሲቀደድ ይጣፋል። የጫማ ሶል ሲያልቅ ይለወጣል። አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ የሚባለው ሠፈር የሚኖረው ሌላው የጣለውን መልሶ ዕቃ በማድረግ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የነበረው የአማርኛው ኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪናም ቢሆን ጥለቱ ሲደበዝዝ ጥለቱ ነበር የሚለወጠው፤ መኪናውን ሰው አይጥለውም ነበር። ታዲያ ላፕቶፕ ላይ ስንደርስ ምን ነካን?

«ዊንዶውስ ዐሥር ተዘግቷል» ለሚሉት

ከተቃራኒው ወገን የሚቀርበው ጠንካራ ክርክር ይህ ነው፤ ልናልፈው አንፈልግም።

እውነት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ዐሥር ይሰጥ የነበረውን ነፃ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ይህ ማለት ማሽኑ በዚያ ቀን ሞተ ማለት አይደለም፤ ይሠራል። ነገር ግን አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንለት የለም። ለግል ተጠቃሚዎች ለአንድ ዓመት ተጨማሪ ማሻሻያ የሚሰጥበት መርሐ ግብር ወጥቷል፤ እሱም የሚያበቃው ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ዊንዶውስ ዐሥራ አንድ ደግሞ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና ከጥቂቶች በቀር ቢያንስ ስምንተኛ ትውልድ የኢንቴል ማቀነባበሪያ ይጠይቃል። ትውልዱን ማወቅ ቀላል ነው፤ ከኮር አይ ፋይቭ ቀጥሎ ያለው ቁጥር 8250 ከሆነ ስምንተኛ ነው፤ 5200 ከሆነ አምስተኛ ነው። የእኛው አምስተኛ ነው። ስለዚህ በደንቡ ዊንዶውስ ዐሥራ አንድ አይገባለትም። ይህን አንክድም። በግድ የሚያስገቡ አሉ፤ እኛ ግን ሰው ያላወቀበት መላ በእድር መዝገብ ላይ አይሞከር ባዮች ነን።

መልሳችን ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ በዚህ ማሽን ላይ የሚሠራው ሥራ ምንድነው? የአባላት ዝርዝር፣ የወር ክፍያ ሒሳብ፣ የንብረት መዝገብ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚጻፍ ደብዳቤ ነው። ለዚህ ሥራ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ማሽኑ ከኢንተርኔት ከተለየ አደጋው ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም፤ ምክንያቱም በእኛ አገር ቫይረስ ከሁሉ በላይ የሚመላለሰው በፍላሽ ነው። ፎልደሩን ሁሉ ደብቆ በአቋራጭ ምልክት የሚተካውን ቫይረስ ማተሚያ ቤት ደርሶ የተመለሰ ፍላሽ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የማኅበሩ ፍላሽ የማኅበሩ ብቻ ይሁን፤ ማንም የልጁን ፊልም ይዞ መጥቶ አይሰካበት።

ሁለተኛው መልስ፣ ዊንዶውስ ብቸኛው መንገድ አይደለም። ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት በነፃ ይገኛል፤ በአሮጌ ማሽን ላይ ቀለል ብሎ ይሠራል፤ ማሻሻያውም አይቋረጥም። ከእሱ ጋር የሚመጣው ሊብረ ኦፊስ ደብዳቤም የሒሳብ ሠንጠረዥም ይሠራል። መልኩ መጀመሪያ ላይ እንግዳ ይሆናል፤ ቢሆንም የእኛን ሠንጠረዥ ለመሙላት የጥቂት ቀናት ልምምድ ይበቃል። ከሰፈራችን ልጆች ወለጋ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ አሉ፤ ይህን ከሚችሉት አንዱ ቢያግዘን ለማኅበሩ ዳቦ እንደ መውጣት ነው።

የአማርኛው ፊደል ነገርም አለ። ማሽን በቀየርን ቁጥር የሚነሣ ችግር ነውና ልብ በሉት። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን በየጽሕፈት ቤቱ የተጻፈው በየራሳቸው ኮድ በሚሠሩ ፎንቶች ነበር። እንዲያ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ገንፎ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ አዲስ ላፕቶፕ ተገዝቶ ጠዋት ቢመጣ የቆየው የማኅበሩ መዝገብ ማታውን ይነበባል ማለት አይደለም። ቢታደስም ቢገዛም የቆየው ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ መዞር አለበት። ይህ ሥራ ነው፤ ዕቃ በመግዛት አይፈታም።

አዲስ የተባለው ሁሉ አዲስ ነውን?

«ይገዛ» የሚለው ቃል ሲነገር ቀላል ነው። እስቲ ገበያውን እንይ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ላፕቶፕ አገር ውስጥ የሚበቅል ነገር አይደለም፤ በዶላር ነው የሚመጣው። በዚያ ላይ በ2018 ዓ.ም. የማስታወሻ ቺፕ ዋጋ በዓለም ገበያ በጣም ወጥቷል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራባቸው ግዙፍ ማዕከሎች ቺፑን እየጠቀለሉት ነው። ይህ የኤስኤስዲውንና የራሙን ዋጋ ይነካል፤ እኛም እናውቃለን። ነገር ግን አዲሱ ላፕቶፕም በውስጡ ያው ኤስኤስዲና ያው ራም ነው ያለው፤ ሌላው ሁሉ በላዩ ተጨምሮ። እድሳቱም ቢሆን በተራዘመ ቁጥር ይወደዳል፤ ስለዚህ ዛሬ ነገ አይባልበት።

ሌላም አለ። በገበያችን «አዲስ» ከሚባለው ውስጥ ከውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች የተነሣ፣ በዱባይ በኩል ተወልውሎ፣ ላስቲክ ተጠቅልሎ የመጣ ይገኛል። ያገለገለ ዕቃ መሸጥ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ያገለገለውን አዲስ ብሎ መሸጥ ነው። አንድ ከእኛ ጋር የሚተዋወቅ ማኅበር ከአንድ ሱቅ አዲስ ተብሎ የተሸጠለትን ላፕቶፕ ዲስኩን ቢያስመረምር ብዙ ሺህ ሰዓት የሠራ ሆኖ አገኘው። ዲስክ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ የባትሪውም አቅም ከመጀመሪያው ስንት እንደቀረ ዊንዶውስ ራሱ ሪፖርት ያወጣል። ገዢው ይህን ሳያይ ከከፈለ ግን፣ አዲስ አበባ ከእኛ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዕቃ ለማስመለስ ማን ይሄዳል? መንገዱስ ሁልጊዜ እንደልብ ነው ወይ? ደረሰኝ ከሌለ ደግሞ ቢሄዱም ዋጋ የለውም።

«ልጄ ከአሜሪካ ያመጣልናል» ያሉንም አሉ። እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ቢመጣ በደስታ እንቀበላለን። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለ በእኛ መብራት ይሠራል። ነገር ግን ያልመጣ ስጦታ በጀት ውስጥ አይገባም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንዳይሆንብን።

ወደ ደብተር እንመለስ ለሚሉት

ከአባቶቻችን መካከል ደግሞ «ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ደብተር ነበረን፤ ወደ ደብተራችን እንመለስ» የሚሉ አሉ። የእነሱን ቃል ግማሹን እንቀበላለን። በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማንም አልረሳውም። «መዝገቡ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ይቀመጥ» የሚሉት ወጣቶች ይህን አይርሱ። ሞት በዚያም ጊዜ አልተቋረጠም ነበር። ስለዚህ ወረቀት ይኖራል፤ በየወሩ መጨረሻ ዝርዝሩ ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በገንዘብ ያዡ እጅ ይቀመጣል።

ግማሹን ግን አንቀበልም። ደብተር በእሳትም በዝናብም በአይጥም ይጠፋል፤ ደግሞም አንድ ብቻ ነው። ከሁለት መቶ በላይ ቤት ያለበትን ማኅበር የክፍያ ታሪክ በእጅ እየደመሩ ማን ውዝፍ እንዳለበት ማን እንደሌለበት መለየት የቀናት ሥራ ነው፤ በመካከሉም ሳይገባው ስሙ የሚነሣ ሰው ይኖራል። ከፍሎ ሳለ «አልከፈልክም» መባልን የመሰለ ነገር በሐዘን ቀን በማንም ላይ አይድረስ።

መቼ ነው አዲስ ይገዛ የምንለው?

እኛ ግትር አይደለንም። አሮጌን ነገር ለአሮጌነቱ ብለን አንወድም። ከሚከተሉት አንዱ ሲደርስ «ይታደስ» ማለታችንን ትተን «ይገዛ» እንላለን፤

ሀ/ ማዘርቦርዱ ሲቃጠል፤

ለ/ ስክሪኑና ማጠፊያው አንድ ላይ ሲሰበሩ፤

ሐ/ የእድሳቱ ጠቅላላ ዋጋ፣ የባለሙያው ድካም ጭምር፣ ለዚሁ ሥራ ከሚበቃ ሌላ ላፕቶፕ ዋጋ ሲሶ ሲያልፍ፤

መ/ ከታደሰ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ጥገና ቤት ሲመለስ።

ሲሶ ያልነው በዘፈቀደ አይደለም። የታደሰው ማሽን ሦስት ዓመት ቢያገለግለን ትርፋችን ግልጽ ነው፤ አንድ ዓመት ብቻ አገልግሎ ቢሞት እንኳ ኤስኤስዲው ተፈትቶ ወደሌላ ማሽን ይገባልና ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ባትሪው ግን ለሌላ ሞዴል አይሆንም፤ ስለዚህ ባትሪ ከመገዛቱ በፊት ሌላው ሁሉ ተሠርቶ ማሽኑ ደህና መሆኑ ይረጋገጥ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ጽዳት፣ ቀጥሎ ኤስኤስዲ፣ ከዚያ ራም፣ በመጨረሻ ባትሪ። በየደረጃው ቆም ብሎ ማየት ይቻላል። በግዢ ግን ቆም ብሎ ማየት የለም፤ ገንዘቡ አንዴ ከወጣ ወጣ ነው።

ለጉባዔው የምናቀርበው ሐሳብ

ስለሆነም የሚከተለው በድምፅ እንዲወሰን እንጠይቃለን።

1ኛ/ ማንኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት በማሽኑ ውስጥ ያለው ሁሉ በሁለት ቦታ ይገልበጥ፤ አንደኛው ቅጂ በሰብሳቢው፣ ሁለተኛው በገንዘብ ያዡ ቤት ይቀመጥ። ሙሉ ዝርዝሩም በወረቀት ይታተም።

2ኛ/ ለእድሳቱ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ይሰብሰብ። ፕሮፎርማው የዕቃውን ዓይነት፣ መጠንና ዋስትና ለይቶ ይጻፍ። ያለ ደረሰኝ አንድ ብር አይከፈል።

3ኛ/ ማሽኑ ሲከፈትና ሲገጠም ከኮሚቴው ሁለት ሰው ይገኝ። የተፈታው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ወደ ማኅበሩ ይመለስ፤ በጥገና ቤት አይቅር። በውስጡ የአባላት ስም፣ ስልክና የቤተሰብ ዝርዝር አለ።

4ኛ/ ወጪው ከድንኳንና ከሳሕን ኪራይ ገቢ ይሸፈን። የሐዘን ገንዘብ ግን በምንም ምክንያት አይነካ።

5ኛ/ ከዚሁ የኪራይ ገቢ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየተለየ «የጽሕፈት ዕቃ መተኪያ» በሚል ርዕስ ይቀመጥ። ይህ ላፕቶፕ አንድ ቀን ይሞታል፤ ያን ቀን መዋጮም ብድርም ሳያስፈልገን አዲሱን እንገዛለን። ያኔ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ራሙ የሚጨመርበት፣ ባትሪው የሚለወጥ እንምረጥ፤ ቅጥነቱና ውበቱ ለለቅሶ ቤት አይጠቅምም።

6ኛ/ የተነሣው አሮጌ ባትሪ ከቆሻሻ ጋር አይጣል፤ እሳት ውስጥም አይግባ፤ ሊቲየም ያለበት ባትሪ ሲያብጥ ወይም ሲወጋ ይቀጣጠላል። የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝን በሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያወጣበት ጉዳይ ነው፤ ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ እንዲገኝ አንፈልግም።

ውድ አባሎቻችን፤ ከእኛ የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው መጥቶ ይናገር፤ ጉባዔው የተጠራው ለዚሁ ነው። «የእነ እገሌ እድር አዲስ ገዝቷል፣ እኛ ምን አንሶን ነው?» የሚለው ክርክር ግን ክርክር አይደለም። የእድር ክብሩ ጠረጴዛው ላይ በተቀመጠው ማሽን አይለካም። ጡሩምባ በተነፋበት ቀን ድንኳኑ ቢደርስ፣ ገንዘቡ ሳይጎድል በሐዘንተኛው እጅ ቢገባ፣ የከፈለ ሰው ስሙ በትክክል ቢገኝ፣ ክብሩ ያ ነው። ጨለለቂም እንሁን ቡርቃ ጃቶ፣ ጊምቢም ሆነ ሻምቡ፣ በየከተማው ያሉ ማኅበሮች የተመሠረቱት ለዚህ ነው።

ስለዚህ እሑድ 8 ሰዓት ላይ ማንም እንዳይቀር። የቀረ አባል በኋላ «እኔ ሳልሰማ» ቢል አይደመጥም፤ የመቅረት ቅጣቱም በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ይጸናል። መዋጮ ሊጣልባችሁ ነውና ኑና ወስኑ!

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ለቀምት